ሁለተኛው ሞኒተር ሲጨልም፦ ድራይቨርን ብቻ ለከሰሰው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሊኑክስ ላይ ከአንድ በላይ ሞኒተር ለሚጠቀሙ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አይቻለሁ። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው። ሁለተኛው ሞኒተር ካልታየ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም የግራፊክስ ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር ነው፤ መፍትሔውም ድራይቨሩን ከቺፑ አምራች ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። ስክሪኑ ከጨለመ ኖሞድሴት የሚባለውን ቃል በማስነሻው ቅንብር ውስጥ በቋሚነት መጻፍ፣ ሴኪዩር ቡትን (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሣ የሚከለክለውን ጥበቃ) አስቀድሞ ማጥፋት፣ ዴስክቶፑን በስክሪን ላይ ከሚያሳዩት ሁለት ሥርዓቶች ከአዲሱ ከዌይላንድ ወደ አሮጌው ወደ ኤክስ መመለስ ይገባል። ይህ ሁሉ ካልሠራ የተፎካካሪውን የኤኤምዲን ካርድ መግዛት፣ አለዚያም ሊኑክስን መተው ነው።

ጽሑፉ በአማርኛ መቅረቡ ያስመሰግናል፤ በዚህ ጉዳይ በቋንቋችን የሚገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነውና። ስሕተቱ የሚያሳስበኝም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያመሳክርበት ሌላ ጽሑፍ የሌለው አንባቢ የተመከረውን እንዳለ ይፈጽማል፤ ሲበላሽበትም የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እመልሳለሁ።

አስቀድሜ የምስማማበትን ልናገር። ጸሐፊው በኤንቪዲያ መማረራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 በፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ በተሰብሳቢ ፊት ኩባንያውን በጸያፍ ቃል እስከ መዝለፍ የደረሰው ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) አዘጋጆች ጋር ስለማይተባበር ነበር። ኩባንያው የከርነል ሞጁሉን (ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር የሚገጥምበትን ክፍል) ምንጭ ኮድ ለሕዝብ የከፈተው ከዚያ ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ቅሬታው ሥር አለው። ነገር ግን ስለ አንድ ኩባንያ ያለን ቅሬታ፣ ጠረጴዛችን ላይ የጨለመው ሞኒተር ለምን እንደ ጨለመ አይነግረንም።

ሞኒተር ያልታየ ሁሉ ድራይቨር አልተበላሸም

ምስሉ ከግራፊክስ ቺፑ ተነሥቶ ሞኒተሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ በከርነሉ ድራይቨር፣ በመሰኪያው፣ በኬብሉ፣ አንዳንድ ጊዜም በመለወጫ በኩል ያልፋል። ከነዚህ ማናቸውም ቢጓደል ተጠቃሚው የሚያየው ያንኑ ጥቁር ስክሪን ነው። ጸሐፊው ግን ስለ ኬብልም ሆነ ስለ መሰኪያ አንድ ቃል አልጻፉም። የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል።

ማንኛውም ሞኒተር ሲሰካ ስለ ራሱ ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ አጭር መረጃ አለው፤ ኢዲአይዲ ይባላል። መሠረታዊው ክፍሉ 128 ባይት ብቻ ነው። ሞኒተሩ ስንት በስንት ነጥብ እንደሚያሳይ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በቪጂኤ ኬብል ውስጥ ይህ መረጃ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን በኩል ነው። በስብሰባ አዳራሾችና በትምህርት ቤቶች ከፕሮጀክተር ጋር ከተዘረጉት ረጃጅም የቪጂኤ ኬብሎች መካከል እነዚህ ሽቦዎች የተቆረጡባቸው ወይም ከፋብሪካው ጀምሮ የሌሉባቸው አሉ። ያን ጊዜ ሊኑክስ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ 1024 በ768 በሚለው መጠን ይቆማል። ድራይቨሩ ደጋግሞ ቢቀያየር መጠኑ ከዚያ አይነቃነቅም፤ ኬብሉ ሲለወጥ ግን ወዲያው ይስተካከላል።

መለወጫዎችም እንዲሁ ያስታሉ። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስድ ርካሽ መለወጫ በአብዛኛው ይሠራል፤ ያንኑ ገልብጦ ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት ለመጠቀም መሞከር ግን ከንቱ ነው፤ ለዚያ ምልክቱን የሚቀይር ቺፕ ያለበት ሌላ ዓይነት መለወጫ ያስፈልጋል። ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ኃይልና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ ብዙ ነው። የኤችዲኤምአይ 1.4 መሰኪያ የ4ኬ ምስልን በ30 ሄርዝ ብቻ ያሳልፋል፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። አይጡ በ4ኬ ሞኒተር ላይ እየዘገየ የሚከተለው ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ይህንን ቁጥር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚቸገርበት ግን ሁለት ግራፊክስ ቺፕ ያለው ላፕቶፕ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእነዚህ ላፕቶፖች የራሱ የላፕቶፑ ስክሪን ብዙውን ጊዜ የተያያዘው ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ ቺፕ ጋር ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ግን በብዙ ሞዴሎች በቀጥታ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ቺፕ ጋር ነው። ይህ በፋብሪካ በሽቦ የተወሰነ ነው፤ በሶፍትዌር አይለወጥም። ባለቤቱ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ በኡቡንቱ የኤንቪዲያውን ቺፕ ሲያጠፋው የኤችዲኤምአይ መሰኪያውንም አብሮ አጠፋው ማለት ነው። ድራይቨሩ ጤነኛ ነው፣ ኬብሉ ጤነኛ ነው፣ ሞኒተሩም ጤነኛ ነው፤ ሆኖም ምስል የለም። መፍትሔው ፕራይም-ሴሌክት በሚባለው መሣሪያ «በፍላጎት» ወደሚለው ሁኔታ መልሶ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። በአንዳንድ ላፕቶፖች ዩኤስቢ-ሲው ከኢንቴሉ ቺፕ ጋር ስለሚያያዝ፣ ሞኒተሩን በዚያ በኩል መሰካትም መውጫ ይሆናል።

በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለተኛውን ሞኒተር ከማዘርቦርዱ መሰኪያ፣ አንደኛውን ከግራፊክስ ካርዱ የሚሰኩ አሉ። ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲገባባቸው የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ያጠፋሉ፤ ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከነጭራሹ ግራፊክስ የላቸውም። ሁለቱንም ከካርዱ መሰካት ይቀላል።

ይህን ሁሉ መለየት አይከብድም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ተርሚናል ከፍቶ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ኬ ከሚለው አማራጭ ጋር መስጠት ለእያንዳንዱ ቺፕ የትኛው ድራይቨር እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ክላስ፣ ከዚያም ዲአርኤም ወደሚለው ቢገባ ደግሞ እያንዳንዱ መሰኪያ በስሙ ከየትኛው ካርድ ሥር እንዳለ ተዘርዝሯል፤ በየመሰኪያው ማውጫ ውስጥ ስታተስ የሚለው ፋይል ከርነሉ ሞኒተር ማየት አለማየቱን በአንድ ቃል ይናገራል። ከርነሉ ሞኒተሩን ካየ ኬብሉ በአብዛኛው ከጥርጣሬ ይወጣል፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከዴስክቶፑ፣ ማለትም መስኮቶቹን ከሚያሳየው ሶፍትዌር ነው። ካላየ ደግሞ ፍለጋው ወደ ኬብሉ፣ ወደ መሰኪያውና ወደ ድራይቨሩ ይመለሳል። ጸሐፊው ይህን አንድ አንቀጽ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ብዙ አንባቢ ከብዙ ድካም ይድን ነበር።

ድራይቨርን ከኩባንያው ድረ ገጽ ስለ ማውረድ

ይህ በዊንዶውስ የተለመደ አሠራር ነው። በሊኑክስ ግን ግራፊክስ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር እንደ ቁልፍና ጋን መግጠም አለበት፤ ከርነሉም በየጊዜው ይታደሳል። የስርጭቱ (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያለው የሊኑክስ ዓይነት) ፓኬጆች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ለአዲሱ ከርነል የሚስማማው ሞጁል ተዘጋጅቶ አብሮ ይመጣል፣ ወይም ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይገነባዋል። ከድረ ገጹ የወረደው ጫኚ ግን ፓኬጅ አስተዳዳሪው ሳያውቀው ፋይሎቹን በየቦታው ያሰፍራል። ከዲኬኤምኤስ ጋር እንዲመዘገብ ካልተደረገም በሚቀጥለው የከርነል ማሻሻያ ማግስት ስክሪኑ ይጨልማል። በኋላ በፓኬጅ ለማስተካከል ሲሞከር የሁለቱ ፋይሎች ይጋጫሉ።

በኡቡንቱ «ተጨማሪ ድራይቨሮች» የሚለው መስኮት ለካርዱ የሚስማማውን ይመርጣል። በፌዶራ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን ማከማቻ ጨምሮ ድራይቨሩን ከዚያ መጫን ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ድረ ገጹ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጠው አዲሱ ስሪት ነው፤ በአገራችን ግን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው። የጂፎርስ 400 እና 500 ተከታታይ ካርዶችን የሚያውቀው የመጨረሻው የድራይቨር ትውልድ 390 ነው፤ ድጋፉም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አብቅቷል። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት የኬፕለር ካርዶች በ470 ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ካርድ ላይ አዲሱን ድራይቨር መጫን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ባይት አውርዶ ምንም አለማግኘት ነው። ለእነዚህ ካርዶች ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ኑቮ የተባለው ድራይቨር ሁለት ሞኒተር ለቢሮ ሥራ በደንብ ያሳያል፤ ለጨዋታ ግን ፍጥነቱ አይበቃም። በተቃራኒው ጫፍ፣ የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ካርድ ያለው ሰው ክፍት የሆነውን የኤንቪዲያ ሞጁል መምረጥ ግዴታው ነው፤ የተዘጋው ሞጁል እነዚህን ካርዶች አያስነሣም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኛ ግን ልንዘነጋው የማይገባ አንድ ምክንያት ልጨምር፤ መብራት። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከርነሉን እያሻሻለ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሞጁሉ ሳይገነባ በመካከል ይቀራል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ሞኒተር ብቻ፣ እሱም በደበዘዘ ትልቅ ፊደል ይታያል። ባለቤቱ ካርዱ የተቃጠለ ይመስለዋል። በኡቡንቱና በዴቢያን ዲፒኬጂ የሚለውን ትእዛዝ ከኮንፊገር አማራጭና ከኤ ጋር በአስተዳዳሪ ሥልጣን መስጠት ያቋረጠውን ሥራ ያስጨርሰዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚመጣው የግራብ ዝርዝር ውስጥ «የላቁ አማራጮች» ከሚለው ገብቶ የቀደመውን ከርነል መምረጥ ይቻላል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በአሮጌው ከርነል ሁለተኛው ሞኒተር ከተመለሰ ካርዱም ኬብሉም ደኅና መሆናቸው ታወቀ።

ኖሞድሴትን በቋሚነት ስለ መጻፍ

ከምክሮቹ ሁሉ በብርቱ የምቃወመው ይህን ነው። ኖሞድሴት ከርነሉ የስክሪኑን መጠንና አቀማመጥ ራሱ እንዳይወስን፣ ፈርምዌሩ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው የማዘርቦርዱ ሶፍትዌር) ባዘጋጀለት ብቻ እንዲወሰን የሚያዝ ቃል ነው። ሲጻፍ የኢንቴል፣ የኤኤምዲና የኑቮ ድራይቨሮች ሥራ ያቆማሉ። የሚቀረው ኮምፒውተሩ ሲበራ ፈርምዌሩ ያወጣው አንድ ምስል ነው፣ በአንድ ቋሚ መጠን። ሁለተኛውን ሞኒተር የሚያገኘው፣ መጠን የሚለውጠው፣ የላፕቶፑን ብርሃን የሚያስተካክለው ድራይቨሩ ስለነበረ እነዚህ ሁሉ አብረው ይቀራሉ። ምስል የመሥራቱ ሸክምም ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ይዞራል፤ ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሁለት ሞኒተር ለሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ሞኒተር የሚከለክል ቃል በቋሚነት ጻፍ ብሎ መምከር ከባድ ስሕተት ነው፤ አንባቢውም ለደረሰበት ነገር ምክንያቱ ይህ ምክር መሆኑን ስለማያውቅ ሊኑክስን ይወቅሳል።

ቃሉ የራሱ ቦታ አለው። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ወደ ዴስክቶፕ አልገባ ሲል በግራብ ዝርዝር ላይ ኢ የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ የተጻፈው ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በሚቀጥለው መነሣት ይጠፋል። ያ አንድ ጊዜ ምርመራ ለማድረግ በቂ ነው። ጆርናልሲቲኤል የሚለው ትእዛዝ ያለፈውን፣ ስክሪኑ የጨለመበትን መነሣት መዝገብ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ የድራይቨሩ ስም ያለባቸው መስመሮች ይነበባሉ። ፈርምዌር ፋይል (ቺፑ ራሱ የሚፈልገውን ፋይል) አጣሁ የሚል ከሆነ የሊኑክስ-ፈርምዌር ፓኬጅ ይጎድላል። ሞጁሉ ቁልፉ አልታወቀም ተብሎ ከተመለሰ ጉዳዩ ከዚህ በታች የማነሣው ሴኪዩር ቡት ነው።

ከዚህም በፊት የሚቀድም ቀላል ፈተና አለ። ስክሪኑ ሲጨልም ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3 አብሮ መጫን። ጥቁር መደብ ላይ የመግቢያ ጽሑፍ ብቅ ካለ በአብዛኛው የከርነሉ ድራይቨር እየሠራ ነው፤ የታመመው ዴስክቶፑ ነው። ግኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሞኒተሮቹ የድሮ አቀማመጥ የተመዘገበበት ፋይል ነው። በተጠቃሚው ማውጫ ውስጥ በተደበቀው የኮንፊግ ማውጫ ሞኒተርስ በሚል ስም ይገኛል። ስሙን ለውጦ እንደገና መግባት ዴስክቶፑን ወደ መነሻ አቀማመጡ ይመልሰዋል።

ምክሩን ተከትለው ቃሉን በቋሚነት የጻፉ አንባቢዎች እንዲህ ያንሡት፦ ኢቲሲ በሚለው ማውጫ፣ ዲፎልት ውስጥ ያለውን ግራብ የሚለውን ፋይል በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍተው ያንን አንድ ቃል ብቻ ይሰርዙ፤ በኡቡንቱና በዴቢያን አፕዴት-ግራብ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ።

ሴኪዩር ቡትን ስለ ማጥፋት

ማጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱም ያልተፈረመ ሞጁል በሴኪዩር ቡት ይታገዳል። ግን አስፈላጊ አይደለም። ኡቡንቱ ለኤንቪዲያ አስቀድሞ የተፈረሙ ሞጁሎች ያቀርባል። በዲኬኤምኤስ የሚገነባ ከሆነም ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቁልፉን መዝግብ የሚለውን መርጦ ያንኑ የይለፍ ቃል መስጠት ነው። ብዙዎች ይህን ስክሪን ምን እንደሆነ ሳያውቁ ያልፉታል፤ ከዚያ ድራይቨሩ አልሠራም ይላሉ። ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ላፕቶፕ ለሚጠቀሙ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያስፈልግ ነበር። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት ዊንዶውስ የማገገሚያ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርግ ይችላል። ያ ቁልፍ የሌለው ሰው የሥራ ፋይሎቹ ተቆልፈው ይቀሩበታል።

ከዌይላንድ ወደ ኤክስ ስለ መመለስ

ይህ ምክር ከጥቂት ዓመታት በፊት ትክክል ነበር። ኤንቪዲያና የሌሎቹ ድራይቨሮች አዘጋጆች ምስልን ወደ ስክሪን በማድረስ ዘዴ ለዓመታት ሳይስማሙ ኖረዋል፤ ኩባንያው ሌሎቹ የሚጠቀሙበትን ጂቢኤም የተባለውን ዘዴ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 495 ስሪት ነው። ከዚያም በኋላ አንዳንድ መተግበሪያዎች ይብለጨለጩ፣ የቆየ ምስል ይመልሱ ነበር። ይህ በአብዛኛው የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2024 በ555 ስሪት ነው፤ ከዴስክቶፑ በኩል ግኖም 46.1 ወይም ሌላው ዴስክቶፕ ፕላዝማ 6.1፣ ወይም ከእነዚህ የሚበልጥ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መብለጭለጭ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የስሪት ቁጥሮቹን ይመልከት።

ኤክስ 11 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሞኒተሮችን ሁሉ እንደ አንድ ሰፊ ስክሪን አድርጎ ይይዛል፤ ችግሩም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ባለ 4ኬ ትንሽ የላፕቶፕ ስክሪን ከጎኑ ተራ 24 ኢንች ሞኒተር ሲቀመጥ በአንዱ ላይ ፊደሉ ልክ ከሆነ በሌላው ላይ ወይ ይተልቃል ወይ ይደቅቃል። 144 ሄርዝ የሆነው ሞኒተርም ከ60 ሄርዙ ጋር ሲጣመር ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ያጣል፣ ወይም ምስሉ ይሰነጠቃል። ዌይላንድ እያንዳንዱን ሞኒተር በራሱ መጠንና በራሱ ፍጥነት ያስተናግዳል። የተለያዩ ሞኒተሮችን ለሚያጣምር ሰው ወደ ኤክስ መመለስ አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው። በሩም እየተዘጋ ነው፤ ግኖም 49 የኤክስን መግቢያ በነባሪነት አጥፍቶታል፣ ኡቡንቱ 25.10ም ከመግቢያ ዝርዝሩ አስወጥቶታል። ኤክስን የምመክረው በ390 ወይም በ470 ድራይቨር ለሚሠሩ አሮጌ ካርዶች ነው፤ ለእነርሱ አሁንም የተሻለው ምርጫ እሱ ነው።

ኤኤምዲ ስለ መግዛት ወይም ሊኑክስን ስለ መተው

ኤኤምዲ ለሊኑክስ ጥሩ ምርጫ መሆኑን አልክድም፤ ድራይቨሩ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ፣ ከከርነል 4.2 ወዲህ አብሮ ይመጣል። የተሰበረ ኬብል ግን በኤኤምዲ ካርድም አይድንም። ገና የወጣ ካርድ በአሮጌ ከርነል ላይ ቢሰካም ይጨልማል። በኤችዲኤምአይ 4ኬን በ120 ሄርዝ በሙሉ የቀለም ጥራት ለማየት የሚያስበውም ይህን ይወቅ፤ የኤችዲኤምአይ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2024 ኤኤምዲ የ2.1ን አሠራር በክፍት ድራይቨሩ ውስጥ እንዳያወጣ ከልክሏል። እንዲህ ላለው ሞኒተር ዲስፕሌይፖርት መጠቀም ይሻላል።

ሊኑክስ ለብዙ ሞኒተር አይሆንም የሚለውን መደምደሚያ አልቀበልም፤ የማይመከርባቸው ዕቃዎች መኖራቸውን ግን እቀበላለሁ። በተራ ዩኤስቢ በኩል ምስል የሚያወጡ የዲስፕሌይሊንክ ማገናኛ ሣጥኖች ከከርነሉ ጋር የማይመጣ ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ በየከርነል ማሻሻያው የሚያስቸግሩም እነዚህ ናቸው። ላፕቶፑ ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ-ሲ ካለው በዚያ የሚሠራ ማገናኛ ቢገዛ ይሻላል።

ካርድ ለመግዛት ወይም ሲስተሙን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን የተነሣ ሰው ከዚያ በፊት አንድ ነገር ያድርግ። አዲስ የኡቡንቱ ወይም የፌዶራ ስሪት ፍላሽ ዲስክ ላይ ጽፎ፣ ሳይጭነው፣ ከፍላሹ ብቻ ያስነሣውና ሁለተኛውን ሞኒተር ይሰካ። እዚያ ላይ ከታየ ካርዱ፣ መሰኪያውና ኬብሉ ደኅና ናቸው፤ የሚጠገነው ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም ነው። ካልታየ በሌላ ኬብልና በሌላ መሰኪያ ይድገመው። ካርዱ በጣም አዲስ ኤንቪዲያ ከሆነ ግን ፍላሹ ላይ ያለው ድራይቨር ላያውቀው ስለሚችል፣ በዚህ ፈተና ብቻ ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ አይፍረድ።